የመጠባበቂያ ጄነሬተር

ምንባብ

ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ በኬንያ የኤሌክትሪክ መረብ ላይ ብልሽት ደርሶ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለመ። ብዙ ቦታዎች መብራት ያገኙት በማግሥቱ ነበር። የኤሌክትሪክ መረብ ጠባይ እንዲህ ነው፦ የሚመነጨው ኀይልና ሕዝቡ የሚጠቀምበት ኀይል በየሴኮንዱ መመጣጠን አለበት። አንድ ትልቅ ማመንጫ ወይም መስመር በድንገት ሲቋረጥ የቀሩት ማመንጫዎች ጭነቱን መሸከም ያቅታቸውና ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ተራ በተራ ይጠፋሉ። ኬንያ ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከነፋስና ከውሃ ኀይል ታመነጫለች፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከናይሮቢ ብዙም እስከማይርቀው ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋው መስመር ከኢትዮጵያ ኀይል ትገዛለች። ይሁን እንጂ የምንጩ መብዛት ከእንዲህ ያለው መቋረጥ ፈጽሞ አያድንም።

ፓርክላንድስ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። ቀድሞ የሕንድ ተወላጆች በብዛት የሰፈሩበት፣ ቤቶቹም ሰፋፊ ግቢ የነበራቸው ሲሆን ዛሬ በብዙዎቹ ቦታ ረጃጅም ፎቆች ቆመዋል። በፎቅ ቤት መብራት ሲጠፋ የሚታጣው ብርሃን ብቻ አይደለም። አሳንሰሩ ይቆማል፤ ውሃ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ፓምፕ ሥራውን ያቋርጣል፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ምግብና መድኃኒት ይበላሻል። ስለዚህ ዐቅሙ ያለው ሰው በእጅ የሚንቀሳቀስ፣ በቤንዚን የሚሠራ አነስተኛ ጄነሬተር መግዛቱ የተለመደ ነው። ዛሬ መጠባበቂያ ይባል እንጂ ጄነሬተር በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ መጀመሪያው ነው፤ በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በኤሌክትሪክ የበራው በዚሁ መሣሪያ ነበር።

ጄነሬተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጭነቱን ማስላት ይኖርበታል። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚፈጁ ስድስት አምፖሎች፣ 100 ዋት የሚፈጅ ቴሌቪዥንና 150 ዋት የሚፈጅ ማቀዝቀዣ በድምሩ 310 ዋት ይሆናሉ። የማቀዝቀዣው ሞተር ግን ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከዘወትሩ ብዙ እጥፍ ኀይል ስለሚስብ መጠባበቂያ መተው ያስፈልጋል። 2,500 ዋት የሚሰጥ ጄነሬተር ይህን ሁሉ በቀላሉ ይችላል። ዳሩ ግን የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ስለሚፈጅ በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ጄነሬተር እንጀራ ልጋግር ቢል መሣሪያውን ማጥፋቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የማይታየው አደጋ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኀይል ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ይጣበቅና ሰውነት አየር እንዲያጣ ያደርጋል። የተመረዘው ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉንፋን የያዘው መስሎት ጋደም ይላል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በክረምት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ሌባን ፈርቶ ወይም ዝናብን ሸሽቶ ጄነሬተሩን በመኪና ቤት፣ በምድር ቤት ወይም በበረንዳ ማስነሣት ስለዚህ እጅግ አደገኛ ነው፤ መስኮት መክፈትም በቂ አይደለም። መሣሪያው ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ከቤቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ፣ በገላጣ ቦታ መቀመጥ አለበት። ግቢ የሌለው የፎቅ ነዋሪ እንግዲህ ይህን መሣሪያ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ባትሪ ለእርሱ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ነው። አንዳንድ ሰዎች ሁለቱም ጫፎቹ ወንድ መሰኪያ የሆኑ ገመድ ሠርተው የጄነሬተሩን ኀይል በግድግዳው ሶኬት በኩል ወደ ቤት ያስገባሉ። ኀይሉ ግን በቤቱ ብቻ አይወሰንም፤ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ ይወጣል። 11,000 ቮልቱን ለቤት አገልግሎት ወደ 240 ቮልት የሚያወርደው ትራንስፎርመር ኀይሉ በተቃራኒ ሲመጣበት መልሶ ከፍ ያደርገዋል። በዚያች ሰዓት መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይኖራል። «አነስተኛ ጄነሬተር የሰፈሩን ጭነት ስለማይችል ወዲያው ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ ሽቦው ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ተበጥሶ ከሆነ ግን የሚሸከመው የሰፈር ጭነት ስለማይኖር አይጠፋም። መፍትሔው ቤቱን ወይ ከመረቡ ወይ ከጄነሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ፣ ሁለቱን በአንድነት የማይፈቅድ ማዛወሪያ በባለሙያ ማስገጠም ነው። ይህ ከሌለ እያንዳንዱን ዕቃ በወፍራም ማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከጄነሬተሩ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ለወራት የቆየ ቤንዚን ስለሚበላሽ ሞተሩን እንዳይነሣ ያደርገዋል፤ በመሆኑም በወር አንድ ጊዜ አስነሥቶ ጭነት እያሸከሙ መሞከር ይገባል። በዚያ በነሐሴ ሌሊት በናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ መጠባበቂያ ጄነሬተር ሳይነሣ ቀርቶ መንገደኞች በጨለማ ለሰዓታት ተጉላልተዋል።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ስጡ፦ መረብ፣ ጭነት፣ ገላጣ፣ ማዛወሪያ፣ ተጉላላ።

ለ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።

1. አንድ ማመንጫ ሲቋረጥ ሌሎቹም የሚጠፉት ለምንድን ነው?
2. የጄነሬተር ጭስና የከሰል ጭስ በምን ይመሳሰላሉ?
3. በአንድ ቤት የተነሣ ጄነሬተር በመንገድ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ እንዴት ሊገድል ይችላል?

ሐ. በቤታችሁ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዋት መዝግባችሁ የትኞቹ በ2,500 ዋት ጄነሬተር ሊሠሩ እንደሚችሉ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።