ጸሎቱ በሥራው ያለ ሰው

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 የእጅ ባለሙያዎችን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩን፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸክላ ሠሪውን። ብረት ሠሪው ጋ ሲደርስ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እንደሚያከሳው፣ የመዶሻው ድምፅ ከጆሮው እንደማይጠፋ፣ ዓይኑ ግን ከሚሠራው ዕቃ አምሳያ ላይ እንደማይነሣ ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች ለሸንጎ እንደማይጠሩ፣ በጉባኤም የከበረ ስፍራ እንደማይሰጣቸው መጽሐፉ አይሸሽግም። ያለ እነርሱ ግን ከተማ አይኖርም፤ ጸሎታቸውም በሙያቸው ውስጥ ነው ብሎ ነገሩን ይዘጋል።

ጸሎት በሙያ ውስጥ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ቀስ ብለን እንመልከተው። አንዳንዱ ሰው ሥራ ሲጀምሩ ማማተብ፣ ሲጨርሱ ተመስገን ማለት ብቻ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ከሠራሁ ጸሎት አያስፈልገኝም ብሎ ይደመድማል። ማማተቡ መልካም ነው፤ የጸሎት ሰዓትም አይቀርም። ሲራክ ግን የሚለው ሥራው ራሱ፣ በተለይም ማንም የማያየው ክፍሉ፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ መሆኑን ነው። ይህን የተደበቀ ክፍል አጥርቶ ለማየት ቅርጽ ማውጫን እንውሰድ።

ቅርጽ ማውጫ፣ የወርክሾፕ ሰዎች ሞልድ የሚሉት፣ ቀልጦ የፈሰሰ ነገር መልኩን የሚቀበልበት ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ ለገሐር ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ታውቁታላችሁ። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል የቆመ፣ ፋሽስቶች ዘርፈው ሮም የወሰዱት፣ በኋላም ወደ ቦታው የተመለሰ የነሐስ ሐውልት ነው። ሐውልቱን ያየ ስለ ቀራጩ ይጠይቅ ይሆናል፤ ነሐሱ ስለ ፈሰሰበት ቅርጽ የሚጠይቅ ግን የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገሩን ሠራተኞች አሰልፈው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩም እንዲሁ ነበር። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ከመፍሰሱ በፊት ቅርጹ መበጀት፣ መድረቅ፣ መመርመር ነበረበት። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ቅርጹን ያደረቁት እጆች ስም የላቸውም።

በዚያ ዘመን ባለ ነፍጡም እርሳስ አቅልጦ ጥይቱን በትንሽ ቅርጽ ማውጫ ራሱ ያፈስ ነበር። ዛሬ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ እኛም የምንማረው ለዚያ አይደለም። የእርሳስ ቅርጽ አያያዝ ግን የሚፈሰው ለሚዛንም ይሁን ለዓሣ መረብ ማጥለቂያ አንድ ነው፤ ከአያያዙም የምንማረው አለ።

ዕቃውን በእጃችሁ እንደያዛችሁት አድርጋችሁ አስቡ። በመያዣ የተጋጠሙ ሁለት ግማሾች ናቸው፤ በመካከላቸው እርሳሱ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ። ከላይ ትርፉን እርሳስ የምትቆርጥ፣ በአንድ ብሎን ላይ የምትዞር ሳህን አለች። ግማሾቹ እንዳይዛነፉ የሚያገጣጥሟቸው ፒኖችም አሉ። አዲስ ሲገዛ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያን ዘይት በፈላ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀር ማድረቅ ነው። አዲስ ተማሪ ዘይት ተቀብቶ ከመጣ ለምን ይታጠባል ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ የቀረ ዘይት ያን ሙቀት ሲያገኝ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም እርሳሱ ግድግዳውን እንዳይነካ ይገፋዋል። የሚወጣው ዕቃ የተጨማደደና ጠርዙ የደነዘዘ ይሆናል።

ታዲያ ዘይት ጨርሶ አያስፈልግም? ያስፈልጋል። ሳህኗ በምትዞርበት ብሎን፣ በሳህኗ ሥር፣ በፒኖቹና በማጠፊያው ላይ ያስፈልጋል። እዚያ ካልተቀባ ብረት ብረትን ይበላል፤ እርሳስም ከሳህኗ ሥር እየተለጠፈ እንዳትገጥም ያደርጋታል። መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ዕቃው ሞቅ እንዳለ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ጫፍ ነካ አድርጎ ወዲያው መጥረግ። እናቶቻችን ምጣድ በጎመን ዘር ሲያስሱ ልክ እንዲህ ነው፤ ምጣዱ ላይ የሚቀረው ለዓይን አይታይም፣ እንጀራው ግን በሰላም ይነሣል። ከዚያ ያለፈ ዘይት በሙቀቱ እየቀጠነ ወደ ጎድጓዳው ይሄዳል። የተለጠፈ እርሳስ ዕቃው ሞቅ እንዳለ በእንጨት ይነሣል እንጂ በብረት አይፋቅም። አልላቀቅ ያለውም መያዣው በእንጨት ይነካል እንጂ ቅርጹ ራሱ በመዶሻ አይመታም። ሥራው ሲያልቅ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ብረት ከሆነ ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ዘይት መቀባት፣ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ዘይት እንደገና ማጠብ ያስፈልጋል።

ሙቀቱም ትዕግሥት ይፈልጋል። በቀዝቃዛ ቅርጽ ላይ የፈሰሰ እርሳስ ሳይሞላ ይረጋል፤ እጅግ በጋለ ላይ የፈሰሰው ቶሎ አይረጋም፣ ላዩም ደብዝዞ ይነጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ውኃ ነው። አንዲት ጠብታ ከቀለጠ እርሳስ ሥር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ስፋቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚጨምር የቀለጠውን እርሳስ ሰው ፊት ላይ ይረጨዋል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባው የቂርቆስ ሰፈር ልጅ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ሰፈሩ በስሙ የተጠራለት ሕፃኑ ሰማዕት ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ወደ ፈላ ውኃ ጋን ሲጣል ቅዱስ ገብርኤል አቀዝቅዞላቸዋል፤ በየዓመቱም ሐምሌ 19 ቀን እናከብረዋለን። ታዲያ እምነት ያለውን ሰው እሳት ምን ያደርገዋል? መልሱ እንዲህ ነው። ሰማዕታቱ ወደ ጋኑ የተጣሉት የክርስቶስን ስም አንክድም ስላሉ ነው። ተአምሩ ለምስክርነት የተሰጠ ነው እንጂ መነጽርና ጓንት ሳያደርግ ለሚያቀልጥ ቸልተኛ የተገባ ቃል ኪዳን አይደለም። ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ እምቢ ያለው እግዚአብሔርን መፈታተን ስለሆነ ነው። እርጥብ ቅርጽ ላይ እርሳስ እያፈሰሱ ገብርኤልን መጥራትም ያው መፈታተን ነው።

እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለችው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቿም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው የግንባታ ቦታ ሆናለች። እዚያ የምትሠሩ ወጣቶች እርሳስ ባትነኩም ካሳፎርም ትነካላችሁ። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ጣውላው ወይም ላሜራው ዘይት ይቀባል። እዚህ ሕጉ ይገለበጣል፤ ዘይቱ የሚገባው አርማታው በሚነካው ፊት ላይ ነው። ፌሮው ላይ ግን መድረስ የለበትም፤ ዘይት የነካው ፌሮ ከአርማታው ጋር በደንብ አይያያዝምና። ስለዚህ ፌሮው ከመግባቱ በፊት ጣውላው በስሱ ይቀባል፣ ትርፉም ይጠረጋል። ፌሮው ከገባ በኋላ ተቻኩሎ ዘይት በብሩሽ የሚረጭ ሰው ጥፋቱ ጣውላው ሲነቀል አይታይበትም። ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፣ ተቆጣጣሪው አይቶ ያልፋል፣ ፎቁ ላይ ሰው ይገባል። ሲራክ ጸሎት ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ከሠራተኛውና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም በማያውቀው በዚያ የብሩሽ ምልልስ ላይ።

ዘይት ቦታውንና መጠኑን ይጠብቅ የሚለው ነገር በመቅደስም አለ። የማሽን ዘይትና ቅዱስ ቅብዓት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ልዩነታቸው እንዲጠበቅ ነው የምናገረው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 እግዚአብሔር ለሙሴ ቅብዓቱ ከከርቤ፣ ከቀረፋ፣ ከሌሎችም ቅመሞችና ከወይራ ዘይት እንዴት እንደሚሠራ በሚዛን ነገረው። ድንኳኑ፣ ታቦቱ፣ መሠዊያው፣ ዕቃው ሁሉ በእርሱ ተቀብቶ ተቀደሰ። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ቅብዓቱ በተራ ሰው ሥጋ ላይ እንዳይፈስ፣ እርሱን የመሰለም እንዳይሠራ ታዘዘ። ቤተ ክርስቲያናችንም የተጠመቀውን በሜሮን ስትቀባ 36 የሰውነት ክፍሎቹን ለይታ ነው፤ ቦታውም ቀቢውም የታወቀ ነው። ቅዱስ ስለሆነ በየትም ይፍሰስ አልተባለም። በሚቀጥለው የዘጸአት ምዕራፍ የኡሪ ልጅ ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ ሲሞላበት እናያለን፤ ልክን ማወቅና እያንዳንዱን ነገር በቦታው ማዋል ከዚያ ስጦታ ይቆጠራል።

ከባስልኤል ታሪክ አጠገብ፣ በምዕራፍ 32፣ አሮን ቆሟል። ወርቁን ከሕዝቡ ተቀብሎ፣ በመሣሪያ ቀርጾ ጥጃ አደረገው። ሙሴ ሲጠይቀው ግን ወርቁን ወደ እሳት ጣልኩት፣ ይህ ጥጃም ወጣ አለው። ቅርጽም ቅርጹን ያዘጋጀ እጅም እንዳልነበረ፣ እሳቱ በራሱ እንዳወጣው አድርጎ ተናገረ። በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉት ማመካኛዎች ሁሉ አጥብቄ የምፈራው ይህን ነው፤ በየሥራ ቦታው እሰማዋለሁና። ማሽኑ ነው፣ ዕቃው ነው፣ ሲሚንቶው ነው ይባላል። ቅርጽ ጥጃም ይሁን የመቅደስ ዕቃ የሰጡትን መልክ ያወጣል፤ ምን እንደሚፈስበትም እንዴት እንደ ተያዘም የሚጠየቀው ሰው ነው።

ባለሙያውን እንዲህ ስንጠይቀው ለእርሱ ያለብንንም ዕዳ እንመን። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ንቀን ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። ካህኑ የሚባርክበት መስቀል፣ የሚያጥንበት ጽና፣ መዘምራኑ የሚይዙት ጸናጽል ሁሉ ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ነው። አንጥረኛን የናቀ ምእመን በደሉን ተናዝዞ ንስሐ መግባት አለበት።

እንግዲህ ሲራክ 38ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ ሸክላ ሠሪው ያገናኛቸዋል። ሥራ ላይ ያላችሁ ነገ ከመጀመራችሁ በፊት ዘይቱ የት እንዳለና የት መኖር እንደሌለበት እዩ። እርሳስ የምታቀልጡ በርና መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ፣ የሥራ ልብሳችሁንም ሕፃን ወዳለበት ቤት አታግቡ። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም፤ ለእነርሱ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠንም የለም።