ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያረጁ ኮምፒውተሮች ብልሽትና ቅድመ ዝግጅት

እንደሚታወቀው በአሁኑ ወቅት የፕሮጀክት ዕቅድ፣ የሒሳብ ሰነድና የተጠቃሚዎች መዝገብ በአብዛኛው የሚያዙት በኮምፒውተር ነው። ይሁን እንጂ ለተሽከርካሪና ለውኃ ፓምፕ የምንይዘውን የጥገና ዕቅድ ለኮምፒውተር ስንይዝ አንታይም። ከዚህ ቀደም በአንድ የመስክ ጽሕፈት ቤታችን የነበረ ኮምፒውተር ለሳምንታት ሥራው እየዘገየ፣ ከውስጡም የመንኳኳት ድምፅ እያሰማ “ገና ይሠራል” ብለን አለፍነው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በሚዘጋጅበት ሳምንት ግን ጨርሶ አልነሣም አለ። የንጹሕ መጠጥ ውኃ ተጠቃሚዎች መዝገብ የነበረው በዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያዎቻችን ከወረቀት ቅጾች እንደገና ለመመዝገብ፣ ቅጹ ያልተገኘላቸውን ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ዞረው ለመጠየቅ ተገደዱ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተማርነውን ለማካፈል የቀረበ ነው።

የብልሽት መንሥኤዎች

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳሕኖች አሉ፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ አካል በጊዜ ብዛት ያልቃሉ። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ባይኖረውም፣ በሚጻፍበት መረጃ መጠን የተወሰነ ዕድሜ ስላለው አንዳንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል። በማራገቢያው ላይ የሚከማች አቧራ ሙቀትን ይጨምራል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅና ድንገተኛ መቋረጥም ፓወር ሰፕላዩንና ዲስኩን ይጎዳል።

ልናስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች

ፋይል ለመክፈት ከወትሮው የበለጠ መዘግየት፣ የመንኳኳት ድምፅ፣ በራሱ ጊዜ መጥፋትና ከመጠን በላይ መሞቅ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ቀንና ሰዓት በየጊዜው ከተዛባ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 3 ቮልት ትንሽ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው፤ ይህ በጥቂት ወጪ ይስተካከላል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወዲያውኑ ከአገልግሎት መውጣት አለበት። ሃርድ ዲስኩ ማንኳኳት ከጀመረም ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጉዳቱን ያብሳል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ምን እናድርግ?

1. ከእያንዳንዱ አስፈላጊ ሰነድ 3 ቅጂ ይኑረን፤ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ማከማቻ ይቀመጡ፤ 1 ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይሁን። ቅጂው በትክክል መከፈቱም በየሩብ ዓመቱ ይፈተሽ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አስተማማኝ አይደለም።

2. የእያንዳንዱ ኮምፒውተር የግዥ ዓመትና የጥገና ታሪክ ይመዝገብ። 5 ዓመት የሞላው ኮምፒውተር እየሠራም ቢሆን መተኪያው በዓመታዊ በጀት ይታሰብ።

3. በዩፒኤስ እንጠቀም፤ ባትሪውም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል እናስታውስ።

4. ያረጀው ኮምፒውተር ሳይበላሽ መረጃው ወደ አዲሱ ይዛወር፤ አሮጌው ለልምምድና ለቀላል ጽሑፍ ሥራ ይዋል።

በጀት ውስን መሆኑን አንዘነጋም። ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ዓመት መተካት ባይቻል እንኳ፣ የሰነዶችን ቅጂ ማስቀመጥ ከአንድ ውጫዊ ዲስክ ዋጋና በሳምንት ከጥቂት ደቂቃዎች የሚበልጥ አይጠይቅም። የተበላሸ ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ ባለሙያዎቻችን በእግራቸው ተጉዘው የሰበሰቡት መረጃ ግን ከጠፋ የሚመለሰው፣ ያውም ከተመለሰ፣ በዳግም ድካም ነው። ስለሆነም በየጽሕፈት ቤቱ የምትገኙ ባልደረቦቻችን የመጀመሪያውን ቅጂ በዚህ ሳምንት እንድታዘጋጁ እናሳስባለን።