«አንደኛ ወጣ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?



ከጥናት ክፍላችን አባላት አንዱ ለትምህርት ዕድል በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። «ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ» ለማለት አስቦ፣ ቃል በቃል ተርጉሞ «አይ ዌንት አውት ሰከንድ» አለ። ለቃለ መጠይቅ በቀረበ ጊዜ ጠያቂው «ሁለተኛ ሆነህ ከክፍል የወጣኸው ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ወንድማችን ግራ ተጋብቶ ዝም አለ፤ ዕድሉም አመለጠው። ይህን ሲነግረን ሁላችንም ሳቅንበት። በኋላ ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር በየወረቀታችን ብንጽፈው አብዛኞቻችን እንደ እርሱ ጽፈን ተገኘን። ስለዚህ በሳቃችን አፍረን ነገሩን አብረን ማጥናት ጀመርን። ያገኘነውም ከዚህ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የእኛ «መውጣት» ለእነርሱ «መምጣት» ነው። በአማርኛ ተወዳዳሪ አንደኛ ይወጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንደኛ ይመጣል፣ ወይም አንደኛ ይጨርሳል። ለምሳሌ ጀግናው ሯጭ ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ፣ በማራቶን አንደኛ ወጣ፤ በ1972 ደግሞ በሙኒክ በማራቶን ሦስተኛ ሆነ። ይህን በእንግሊዝኛ ስንናገር «ኬም ሰከንድ»፣ «ኬም ፈርስት»፣ «ኬም ሰርድ» እንላለን። በ«ኬም» ፈንታ «ፊኒሽድ» ብንልም ትክክል ነው። «ዌንት አውት» ካልን ግን ማሞን ከበር አስወጣነው ማለት ነው።

2ኛ/ ከተራ ቁጥሩ በፊት «ዘ» አይገባም። «ፈርስት» በዚህ ቦታ ግሡን የሚገልጽ ተውሳከ ግሥ ስለ ሆነ ብቻውን ይቆማል። ስም ሲከተለው ግን «ዘ» ይመጣል፤ «ዘ ፈርስት ራነር» እንደምንለው ማለት ነው። «አት» ብንጨምርበትም ትርጉሙ ይለወጣል፤ «አት ፈርስት» ማለት «በመጀመሪያ ላይ» እንጂ «በአንደኝነት» ማለት አይደለም።

3ኛ/ «ፕሌስ» ማለትም «ደረጃ» የሚለው ስም ሲጨመር «ኢን» ያስፈልጋል፤ «ፊኒሽድ ኢን ፈርስት ፕሌስ» ይባላል። እዚህም «ዘ» እንዳትገባ እንጠንቀቅ። «ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ» ካልን ብዙውን ጊዜ «ከመጀመሪያውኑ» ማለት ይሆናልና።

4ኛ/ «ካም ፈርስት» እና «ጎ ፈርስት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መብለጥን፣ ሁለተኛው ተራን ያሳያል። በር ላይ ለቆሙ አባት «ይቅደሙ» ስንል «ጎ ፈርስት» ነው። «ጤና ይቀድማል» ስንል ግን «ኸልዝ ካምዝ ፈርስት» እንላለን። እኛ በ«መቅደም» ብቻ የምንገልጸውን እነርሱ በሁለት ግሦች ይለዩታል።

5ኛ/ ስሞችም ከእንቅስቃሴ ግሥ ጋር የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ሆም» እንደ «ፈርስት» ተውሳከ ግሥ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ «ጎ ሆም» ይባላል እንጂ «ቱ» አይገባበትም። «ጎ ቱ ቸርች» ማለት ለጸሎት መሄድ ነው፤ «ዘ» ሲጨመርበት ወደ ሕንፃው መሄድን ያመለክታል። ሕንፃው የተሠራበትን ዓላማ ስናስብ «ዘ» ይቀራል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቃል ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ፣ እስረኞችን ጠይቀን ተመልሰን «ዊ ዌንት ቱ ፕሪዝን» ብለን ብንጽፍ ምን እንደሚሆን እናስብ። አንባቢው ታሰሩ ይለናል! «ቱ ዘ ፕሪዝን» ብንል ግን ጠይቀን እንደ ተመለስን ሊረዳልን ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ ቃላቱን እየነጠልን መሸምደድ እንደማይበቃ ነው። «መውጣት»ንም «ሁለተኛ»ንም ወንድማችን በሚገባ ያውቃቸው ነበር፤ ያላወቀው አብረው የሚኖሩትን ነው። ስለዚህ አዲስ ግሥ ስንማር ከጎረቤቶቹ ጋር በደብተራችን እንጻፈው።

ወንድማችን ማመልከቻውን እንደገና ጽፎአል፤ «አይ ኬም ሰከንድ አውት ኦቭ ፎርቲ»፣ ማለትም ከ40 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጣሁ፣ ይላል። ያ «አውት» የሚለው ቃል በመጨረሻ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። እኛም በዚህ ጊዜ ሳንስቅ አነበብንለት።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ ለሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ።
ሀ/ እኅቴ ከ50 ተማሪዎች ሦስተኛ ወጣች።
ለ/ አንተ ቅደም፤ እኔ እከተላለሁ።
ሐ/ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት ሄድን።