አላህ ያቀለለውን መንገድ እኛ አናክብደው

 

ከሲያትል አንዲት እህታችን ጥያቄ ልካልናለች። እሷና ባለቤቷ አር ቪ የሚባለውን፣ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን ትልቅ መኪና ተከራይተው በኦሪገን የባሕር ዳርቻ በኩል እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ ሁለት ሳምንት ሊጓዙ ነው። የጠየቀችው ስለ ሶላት፣ ስለ ቂብላና ስለ ውዱእ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጨምራለች። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሄደው በአራተኛው ቀን ተኳረፉ፤ የቀረውን መንገድ ሳይነጋገሩ ጨረሱት። «ዘንድሮ እንዳይደገምብን ዱዓ አድርጉልን» ትላለች።

በሶላቱ እንጀምር። ኩርፊያውም መልስ የሚያገኘው ከዚያው ውስጥ ነው።

ብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ መንገድ ሰፈር ነው። 101 የሚባለው አውራ ጎዳና በኦሪገን ዳርቻ ብቻ ወደ 580 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ መንገደኛ መሆናቸው አያጠራጥርም። ከከተማቸው ከወጡ በኋላ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳሉ። መግሪብና ፈጅር አይቀነሱም። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ፣ የገቡበትና የሚወጡበት ቀን ሳይቆጠር፣ አራት ቀን ለመቆየት ከነየቱ ግን ሶላቱን ይሞላሉ። በሐነፊይ መዝሀብ ገደቡ 15 ቀን ነው።

ቂብላው ከዚያ ዳርቻ ሲታይ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ስለዚህ ውቅያኖሱ በግራ በኩል ይቀራል ማለት ነው። መኪናው እየሄደ ፈርዱን ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ አይገባም፤ ቆም ብለው ወርደው ይስገዱ። ሱናውን ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግመላቸው ላይ ሆነው ይሰግዱ ነበርና፣ የማይነዳው ሰው እየተጓዘ ሊሰግድ ይችላል። በኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት የባሕሩ አሸዋ ለሕዝብ ሁሉ ክፍት ስለሆነ የሚሰገድበት ቦታ አይታጣም። የዚያ ባሕር ሞገድ ግን አንዳንዴ ሳይታሰብ ርቆ ይመጣልና ከውሃው ፈቀቅ ብለው፣ ደረቁ ላይ ይስገዱ።

የመኪናው የውሃ ታንከር ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ውሃ እያለ ተየሙም የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ቧንቧውን ከፍቶ መተው ቀርቶ በአንዲት ማሰሮ ውሃ ሁለት ሰው ውዱእ ማድረግ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አላህ ለመንገደኛ ሶላቱን ለምን አሳጠረለት? በሱረቱ-ን-ኒሳእ 101ኛው አንቀጽ ማሳጠሩ ከፍርሃት ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። ዑመር (ረ.ዐ) ሰው ሰላም ከሆነ በኋላ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህ አላህ የሰጣችሁ ሶደቃ ነውና ሶደቃውን ተቀበሉ የሚል መልስ ሰጧቸው። ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ! ሶላት የአላህ ሐቅ ነው። የሐቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ባለቤቱ ግን አራቱን ሁለት አደረገው፤ መንገደኛ እንደሚደክም ያውቃልና። ታዲያ እኛ ከትዳር አጋራችን የምንጠብቀውን ነገር አንዲት ረከዓ እንኳ ሳንቀንስ መንገድ ይዘን የምንወጣው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ለምደህ ከሆነ ትኩስ ወጥ በሦስቱም ሰዓት ያምርህ ይሆናል። በዚያች ጠባብ ምድጃ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎንህ ተቀምጣ ስትንገላታ ከዋለች ሴት ይህንን መጠበቅ ግን አላህ ያቀለለውን ማክበድ ነው። ዳቦና እንቁላል ይበቃል። እህቴ፣ አንቺም ያንን ግዙፍ መኪና በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስድስት ሰዓት ነድቶ የመጣን ሰው፣ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ስላለፈው የፎቶ ቦታ አትውቀሺው። የመጸዳጃውን ታንከር የመድፋት ሥራስ የማን ነው? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ከዚህ በኋላ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» ማለት ለማንኛችንም ይከብደናል።

እነዚሁ ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአንድ ጉዞ ላይ የአንገት ሐብላቸው ጠፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐብሉ እንዲፈለግ ጉዞውን አስቆሙ፤ ሰዉም አብሮ ቆመ። ቦታው ውሃ የለውም፤ ሰዉም ውሃ አልያዘም። ሰዎች ለአቡበክር (ረ.ዐ) አቤት አሉ፤ አባትም መጥተው ልጃቸውን ወቀሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሰዓት ራሳቸውን ዓኢሻ ጭን ላይ አስደግፈው ተኝተው ነበር። ሌሊቱ ያለ ውሃ ነጋ፤ የተየሙም አንቀጽም ወረደ። ግመሉ ሲነሳ ሐብሉ ከሥሩ ተገኘ። ዛሬ ውሃ ያጣ ሙስሊም ሁሉ የሚጠቀምበት ሩኽሳ የመጣው ለአንዲት ሚስት ሐብል ሲባል ከቆመ ጉዞ ነው። እኛ ደግሞ የተረሳ ቻርጀር ለማምጣት ሃያ ደቂቃ ስለተመለስን ቀኑን ሙሉ እንነጫነጫለን።

በሌላ ጉዞ ላይም ሰዉ ወደፊት እንዲቀድም አድርገው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል። ያኔ ዓኢሻ ቀደሙ። ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲወዳደሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀደሙና ይቺ በዚያችኛዋ ትሁን አሏቸው። የመንገድ ጨዋታ ከሱና ውጭ አይደለም።

ጉዞው ካሊፎርኒያ ሲገባ ሬድዉድ የሚባሉት ዛፎች ይጀምራሉ። ከመካከላቸው ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም አለ፤ ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩም አሉ። ሥራቸው ግን ለቁመታቸው ያህል ጥልቅ አይደለም፤ ወደ ጎን ይዘረጋና ከጎረቤቱ ዛፍ ሥር ጋር ይጠላለፋል። ዝናብ በሚጠፋበት በጋ ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ያጠጣቸዋል። አላህ በሱረቱል ዐንከቡት 20ኛው አንቀጽ በምድር ላይ ሂዱና ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ ተመልከቱ ይለናል። ከዛፉ ሥር ቆማችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት «ሱብሓነላህ» በሉ። ከዚያም የሚይዘው ሥር እንጂ ቁመት ብቻ እንደማያቆመው ለትዳራችሁ ውሰዱ።

ስለዚህ እህታችን፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ይህን ተጠያየቁ፦ «በዚህ ጉዞ ላይ ምን ልቀንስልህ? ምን ልቀንስልሽ?» አንዳንድ ነገር ብቻ ይበቃል። የመውጫችሁ ቀን ጁሙዓ ከሆነ ሰግዳችሁ ውጡ። የጉዞውን ዱዓ ሞተሩን ስታስነሱ አብራችሁ በሉት። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት አለውና አንዳችሁ ለሌላችሁ አድርጉ፤ እኛንም አትርሱን።

አላህ መንገዳችሁን ያቅልልላችሁ፤ በመካከላችሁ ውዴታንና እዝነትን ያጽናላችሁ፤ በሰላም ይመልሳችሁ። አሚን።

ሱረቱል ከህፍንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድን ዛሬ አንርሳ። ወላሁ አዕለም።