የማይነሣ ማረሻ

ትዕግሥት የሌለው ሰው የነገሩን ምክንያት ሳያውቅ መዶሻ ያነሣል።

ሃሪ ፈርጉሰን ያወጣው ቲ.ኢ.20 የተባለ ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ ይሠራ ነበር። በኋላው ያለውን ማረሻ የሚያነሣው የዘይት ግፊት ነው። ይህ ማንሻ እንቢ ቢል ገበሬው ሦስት ነገር በተራ ይመርምር።

መጀመሪያ፥ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መያያዙን ይመልከት፤ ፓምፑን የሚያዞረው እርሱ ነውና፥ እጀታው ከተለቀቀ ሞተሩ ቢጮኽም ማረሻው አይነሣም። ሁለተኛ፥ ዘይቱን ይለካ፤ ማንሻውና ማርሹ የሚጠጡት ከአንድ ጋን ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ቢነጣ ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ። ሦስተኛ፥ ትራክተሩ ብዙ ዘመን ቆሞ እንደ ሆነ በፓምፑ ውስጥ ያለው ቫልቭ በዝቃጭ ይጣበቃል፤ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ የማንሻውን እጀታ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ቢያደርጉት ሊላቀቅ ይችላል።

ማረሻው ተነሥቶ አልወርድ ቢል ግን ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ዘይት ብቻ የያዘው ሸክም ሳያስታውቅ ይወድቃልና አስቀድሞ በጠንካራ ግንድ ይደገፍ።

ልጆች ሆይ፥ ከቀላሉ ጀምሮ የሚመረምር ሰው ዕቃውንም ራሱንም ያድናል፤ በመዶሻ የሚጀምር ግን ትንሹን ጉድለት ትልቅ ጥፋት ያደርገዋል።