የማለዳ አገልግሎት በሕሙማን ደጅ

ስለ ሕሙማን አገልግሎት ስንማር ብዙውን ጊዜ የምናስበው ሐኪሙንና መድኃኒቱን ነው። በገጠር ሆስፒታል ግን አገልግሎቱ ፀሐይ ሳትወጣ ይጀምራል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የቅድስት ማርያም ላቾር ሆስፒታል ነው። የኮምቦኒ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1959 መሠረቱት፤ ከ1961 ጀምሮም ጣሊያናዊው ሐኪም ፒዬሮ ኮርቲና ካናዳዊቷ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሉሲል ቲስዴል፣ ባልና ሚስት ሆነው፣ በትጋት አሳደጉት።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ማለዳ የብዙዎች ሥራ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ሕሙማኑን ለቀን ተረኛ ታስረክባለች፤ አስታማሚዎች እሳት አቀጣጥለው ለሕመምተኛቸው ምግብ ያበስላሉ። አማፅያን ልጆችን በሌሊት ይጠልፉ በነበረበት በጦርነቱ ዘመን ደግሞ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችና ልጆች ሲመሽ ወደ ሆስፒታሉ ቅጥር ገብተው ያድሩ፣ ሲነጋም ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ይመለሱ ነበር። ቅጥሩ ለጤነኛውም መጠጊያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በጉሉ የተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ እስኪያበቃ ድረስ በኡጋንዳ 425 ሰዎች ታመው 224ቱ ሞቱ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ማቲው ሉክዊያ የሕሙማን መለያ ክፍል አዘጋጅተው ሠራተኞቻቸውን መሩ። በኖቬምበር ወር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ለታመመ ነርስ እንዲደርሱ ተጠሩ። ጓንትና ጭምብል አድርገው ሄዱ፤ የዐይን መከላከያ ግን አላደረጉም። በሽታው የያዛቸው በዚያች ሰዓት እንደ ሆነ ይታመናል፤ ዲሴምበር 5 ቀን 2000 ዐረፉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፍቅር የሚመዘነው ሌሎች በሚተኙበት ሰዓት ነው። ማርቆስም በመጀመሪያው ምዕራፉ ጌታችን ማታ ሕሙማንን እንደ ፈወሰ፣ ገና ሳይነጋም ለጸሎት እንደ ተነሣ ይነግረናል። ሁለተኛ፣ ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት አይደለም። አስታማሚ ራሱን ሲጠብቅ ነገ የሚመጣውንም ሕመምተኛ ይጠብቃል፤ ቸኩሎ መድረስ መልካም ቢሆንም ተዘጋጅቶ መድረስ ይበልጣል።

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን ሕመምተኛ ይዞ የሚያድር ማን ነው? ሲነጋ የሚተካውስ አለን?
2. ሕሙማንን ስንጎበኝ ለእነርሱና ለራሳችን ምን ጥንቃቄ እናደርጋለን?