በሐምሌ ወደ ደሴ፦ በዝናብ የማሽከርከር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የክረምትን ችግር ሁሉ በአንድ ቀን ያሳያል። ከተማ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ ጣርማበር ላይ ጉምና ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ቆላው ላይ ደራሽ ጎርፍ አለ። ዋናው ዘዴ አንድ ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬንም፣ መሪም፣ ነዳጅም በድንገት አይነካም። የቀረው ሁሉ ድንገተኛ እርምጃ እንዳያስፈልግ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ዝግጅቱ ከጎማ ይጀምራል። የጎማ ቦይ ሥራው ውሃውን ከሥሩ እያወጣ መጣል ነው። ሊሾ ጎማ በበጋ ችግር የሌለበት ይመስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው መውጫ ያጣና መኪናውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። በቦዮቹ ውስጥ አለፍ አለፍ ብለው የሚታዩ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። የጎማው ፊት ከእነሱ እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለክረምት 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር መቀየር ይሻላል። ኪስዎ የሚችለው ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ከሆነ ከኋላ ያስገጥሟቸው። ጎሚስታው ከፊት ይሁን ቢልም እሺ አይበሉት፤ የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት ፍጥነት ቀንሶ መመለስ ይቻላል፣ የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ይዞራል። «ለዝናብ ንፋስ ቀንስ» የሚለውን የቆየ ምክርም አይስሙ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ትክክለኛው ልክ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል።

ቀጥሎ መስታወቱ። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲያደርቀው ስለሚከርም በሰኔ መቀየር አለበት። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ሲለብስ ኤሲውን ከሙቀቱ ጋር አብረው ይክፈቱ፤ ብርድ ነው ብለው አይተዉት፣ ኤሲ አየሩን ያደርቃል። ኤሲ ከሌለ መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ይረዳል። እየነዱ በእጅ መጥረግ ቅባት ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

ሲነሱ ዝናቡ ገና ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይጠንቀቁ። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ የሚያዳልጠው ያኔ ነው። እግረኛውም ጃንጥላውን ወይም ላስቲኩን ተከናንቦ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ የሚሮጠው በዚሁ ሰዓት ነው። ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ የመብራት እንጨት ሲያልፍ ረጋ ብለው መቁጠር ይጀምሩ፤ እርስዎ እንጨቱ ጋ ሳይደርሱ 4 ሰከንድ መሞላት አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ይህ 67 ሜትር ያህል ነው። ክፍተቱን አይቶ አንድ ሚኒባስ መግባቱ አይቀርም። ይግባ፤ እርስዎ እንደገና ወደኋላ ይቅሩ።

መሪው በድንገት ከቀለለዎት ጎማው ውሃ ላይ መንሳፈፍ ጀምሯል ማለት ነው። እግርዎን ከነዳጁ ቀስ አድርገው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍሬን አይንኩ። ጎማው መንገዱን መልሶ ሲይዝ እጅዎ ላይ ይታወቅዎታል።

መንገዱን የሸፈነ ውሃ ሲያጋጥም ሥሩን ካላወቁ አይግቡ። ክዳን የሌለው ማንሆል ወይም በጎርፍ የተቦረቦረ አስፋልት ሊኖር ይችላል። ሲኖትራክ ስላለፈ ቪትዝ ያልፋል ማለት አይደለም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ አውቶሞቢልን ሊያንሳፍፍ ይችላል። የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያነሰውም ያሰጋል። ጥልቀቱን አውቀው ከገቡ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይለቁ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ ይሂዱ። ሲወጡ ፍሬኑን በቀስታ ደጋግመው እየነኩ ያድርቁት። ሞተሩ ውሃው ውስጥ ከጠፋ መልሰው አያስነሱት። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅምና ቢዬላ ያጣምማል፤ ገፍቶ ማውጣት ሞተር ከማውረድ ይረክሳል።

ከደብረ ብርሃን በኋላ ወደ ጣርማበር ሲጠጉ መንገዱ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል፤ በክረምት ጉም የማይጠፋበት ቦታ ነው። አጭር መብራት ያብሩ፣ ረጅሙ ጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይንዎ ይመለሳል። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ልማድ ሆኗል፤ የቆሙ ያስመስልዎታል፣ ወዴት እንደሚታጠፉም ይደብቃል። የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ተከትለው አይሂዱ፣ እሱ ከሳተ አብረው ይስታሉ። የቀኙን ነጭ መስመር ይያዙ። ምንም የማይታይ ከሆነ ከአስፋልቱ ፈጽመው ወጥተው ይቁሙ።

ከጣርማበር ዋሻ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከ1 ሺህ 500 ሜትር በላይ ወርደዋል። ከባድ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ብቻውን ያቃጥለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡት አይዝም። ኩርባው ላይ ሳይደርሱ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬን መያዝ ነው የሚያንሸራትተው። መንገዱ ላይ ናዳ ያወረደው ድንጋይ ሊኖር ስለሚችል በሚያዩት ርቀት ውስጥ ማቆም ከሚችሉበት ፍጥነት አይለፉ። ቆላው ላይ ፀሐይ ቢሆንም ወንዝ ሲሻገሩ ወደ ላይኛው ተራራ አሻግረው ይመልከቱ። እዚያ ከጠቆረ ውሃው እየመጣ ነው።

ቁልቁለቱ መሃል፣ ደብረ ሲና ላይ ይቁሙ፤ ቆሎ መግዛት ጥሩ ሰበብ ነው። የተቃጠለ ፍሬን ከሸተተዎት እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ውሃ አይድፉበት፣ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር ድንጋይ ካስገቡ፣ ሲነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ያውጡት። ከኋላዎ በጉም ውስጥ የሚመጣው ሰው አያየውም።